ወረራ፦ ተራ የሌለው የሰንጠረዥ መክፈቻ

ቼዝ የሚጫወት ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ተራውን ይጠብቃል። የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ግን የሚጀመረው ይህን ሕግ በመተው ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ልባቸው ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። ይህ የመክፈቻ ክፍል «ወረራ» ይባላል። ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ነው።

ላይ ላዩን ሲያዩት ትርምስ ይመስላል። ግን አይደለም። በሰንጠረዥ መደቁ፣ ማለት ወታደሩ፣ ከመነሻውም ቢሆን ከአንድ ቤት በላይ አይራመድም። ፈርዙ የዛሬዋን ንግሥት ቦታ ይያዝ እንጂ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። እንዲህ በሚያዘግም ጦር ተራ በተራ ቢጀመር ሁለቱ ወገኖች ሳይገናኙ ይመሽ ነበር። ወረራ መንገዱን ያሳጥራል። ፍጥነት ብቻውንም አይበቃም፤ ጎበዝ ተጫዋች የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል።

ለመሆኑ እነማን ይጫወቱት ነበር? በይበልጥ የሚታወቁት መኳንንቱ ናቸው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1809 እና በ1810 ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደን ሕጉን ዘርዝሮ አስቀምጧል፤ መጽሐፉ የታተመው ግን እሱ በ1860 ከተገደለ በኋላ፣ በ1868 ነው። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ ዐዋቂ እንደ ነበሩ ይነገራል። አሸናፊነትም ወግ ነበረው፤ ንጉሡን በፈረስ ወይም በደር መግደል ብዙም አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ ጠጠሮች መግደል ግን ያስከብራል።

ታዲያ ከእነዚያ ሁሉ ተጫዋቾች የአንዱ መክፈቻ እንኳ ለምን በስሙ አልተጠራም? አንዱ ምክንያት ከራሱ ከወረራ ይመስለኛል። ቼዝ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» እየተባለ ይመዘገባል። ተራ የሌለውን ነገር በየትኛው ቁጥር ይጽፉታል? ስለዚህ ዕውቀቱ በእጅና በዓይን ኖረ። በ1928 ዓ.ም. ሌላ፣ እውነተኛ ወረራ መጣ፤ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ሲበተኑ ጨዋታውም አብሮ ተበተነ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩን ሰብስቦ ሲጽፍ ሰንጠረዥ ትዝታ ወደ መሆን ደርሶ ነበር።

እንግዲህ የቀረን ሕጉ ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም። ቼዝ ያለው ሰው ሰንጠረዥ አለው፤ የጠጠሮቹን አካሄድ ብቻ መለወጥ ነው። በየመኝታ ክፍላችን ያለውን ቼዝ ዘርግተን አንድ ምሽት ብንወር ምናለበት? ስሙን በመጻሕፍት ከማንበብ ይልቅ፣ የሚጫወተው ሲገኝ ነው ጨዋታ የሚኖረው።