ሴኩዌንሲያና ቅኔ፦ በተሠራ ዜማ ላይ የሚደረስ አዲስ ቃል

ሴኩዌንሲያ በመካከለኛው ዘመን በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን፣ በቅዳሴ ጊዜ ከወንጌል ንባብ አስቀድሞ ከ«ሃሌ ሉያ» ቀጥሎ ይዜም የነበረ የላቲን ድርሰት ነው። የጎጃምን ጉባኤ ቤት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቀድሞ በተሠራ ዜማ ላይ አዲስ ቃል ማስማማት የቅኔ ተማሪ የዕለት ሥራ ነውና።

የላቲኑ ዜማ እ.ኤ.አ. በ604 ባረፈው በታላቁ ጎርጎርዮስ ስም ይጠራል። በጥንት ሥዕሎች ርግብ በጆሮው ስትነግረው ይታያል፤ ይህም የቅዱስ ያሬድን ሦስት አዕዋፍ ያስታውሳል። የታሪክ ሊቃውንት ግን ዜማው የታወቀውን መልክ የያዘው ከእርሱ በኋላ፣ በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፍራንኮች ምድር ነው ይላሉ።

የ«ሃሌ ሉያ» የመጨረሻው ቀለም ቃል የሌለው ረጅም ዜማ ይከተለው ነበር። በዛሬዪቱ ስዊዘርላንድ በሚገኘው በቅዱስ ጋል ገዳም የኖረው መነኩሴ ኖትከር፣ በወጣትነቱ ይህ ዜማ ከአእምሮው እየወጣ ያስቸግረው እንደ ነበር ጽፏል። ኖርማኖች ካጠፉት ከዡሚዬዥ ገዳም የመጣ አንድ ካህን በዜማው ላይ ቃል የገባበት መጽሐፍ ይዞ ደረሰ። ኖትከር በሐሳቡ ቢደሰትም ግጥሙ አልጣመውምና የራሱን ደረሰ። መምህሩ ኢሶ አይቶ ለእያንዳንዱ የዜማ እንቅስቃሴ አንድ ቀለም እንዲሰጥ አረመው።

ይህ እርማት በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩበት በደብረ ኤልያስም የተለመደ ነው። ተማሪው ቆጥሮ ይነግራል፤ መምህሩ ያቃናል። ጉባኤ ቃና 2፣ ዘአምላኪየ 3፣ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8 ቤት አለው፤ የየአንዳንዱ ዜማም የታወቀ ነው። አዲስ የሚሆነው ቃሉና ምሥጢሩ፣ ሰሙና ወርቁ ነው።

ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል። ሴኩዌንሲያ አንድ ጊዜ ከተደረሰ በመጽሐፍ ተጽፎ በየዓመቱ ይደገማል። እየበዛ ሄዶ በሺህ የሚቆጠር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1570 በፒዮስ 5ኛ የወጣው የቅዳሴ መጽሐፍ ግን 4 ብቻ አስቀረ። በ1727 አምስተኛ ተጨመረ። የቀሩት ከአገልግሎት ቢወጡም በብራና ላይ ስላሉ፣ የሚሻ ሁሉ ዛሬም ሊያነባቸው ይችላል።

ቅኔ በአንጻሩ እንዲህ ያለ ገደብ አልወጣበትም። ለዕለቱ በዓል ይደረሳል፣ በማኅሌቱና በቅዳሴው ይቀርባል፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብም በሊቃውንት ዘንድ ነውር ነው። መጠበቂያው ግን ብራና አይደለም። ከሰሚዎቹ አንዱ በቃሉ ካልያዘው፣ ድንቅ የሆነው መወድስ እንኳ በዚያችው ሌሊት ያልፋል። የታተሙ የቅኔ መጻሕፍት መኖራቸው መልካም ነው፤ ሆኖም የታተመው ለተማሪ ምሳሌ ይሆናል እንጂ ለመጪው በዓል አይቀርብም። ስለዚህ የአንድ ደብር የቅኔ ጉባኤ ሲታጠፍ፣ መጽሐፉ በዕቃ ቤት ቢኖርም፣ ለበዓሉ ባለ ቅኔ ከሌላ ደብር መለመን ግድ ይሆናል።