ኑሹዝ፦ ካይሮ፣ አዲስ አበባ፣ ቶሮንቶ

እዚህ ቶሮንቶ፣ በአገር ልጆች መካከል «ከባሏ ቤት የወጣች ሴት ቀለብ የላትም» ሲባል ሰምቻለሁ። የአባባሉ ሥር «ኑሹዝ» ነው፤ በእስልምና ሕግ ከትዳር ግዴታ ማፈንገጥ ማለት ነው። ቁርኣን የሚስትን በ4፡34፣ የባልንም በ4፡128 ያነሳል። ቀለብ የሚያስቀረው ግን የሚስት ነው።

በግብፅ ሕግ ባል «ወደ ቤትሽ ተመለሺ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲልክላት፣ ሚስት በ30 ቀን ውስጥ ካልተቃወመች ቀለቧ ይቋረጣል። በኢትዮጵያ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ ነው (ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 34)። ነገሩ የሸሪዓ ብቻም አልነበረም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ሚስት ለባሏ እንድትታዘዝ ይደነግግ ነበር። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሁለቱን እኩል አደረገ።

ወደ ኦንታሪዮ ስንመጣ፣ የሸሪዓ ግልግል እንዲቋቋም እ.ኤ.አ. በ2003 የቀረበው ሐሳብ ብዙ አከራከረ። በ2006 የወጣው ሕግ፣ በካናዳ ሕግ ያልተመራ የቤተሰብ ግልግል እንዳይጸና አደረገ። የፍቺ ሕጉም ዳኛ ቀለብ ሲወስን የትዳር ጥፋትን እንዳይመለከት ይከለክላል።

እህቶቼ፣ የኢማም ምክር መጠየቅ መብታችሁ ነው። ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ግን ጠበቃም ጠይቁ፤ እዚህ ከቤት መውጣት ብቻውን ቀለብ አያስቀርም።