ከቤት የሚበረው ተርቦፕሮፕ እና የጎደለው እጀታ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 ማይክሮሶፍት "ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ"ን ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ በጨዋታው ሰማይ ላይ ዳሽ 8-100 የሚባል ባለ ሁለት ፕሮፔለር የመንገደኞች አውሮፕላን ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ይነሣል፣ ያርፋል፣ ተርሚናሉ አጠገብ መጥቶ ይቆማል። ተጫዋቹ ግን ገብቶ ሊያበረው አይችልም። ኮምፒውተሩ ብቻ የሚነዳው፣ ሰማዩ ባዶ እንዳይመስል የገባ ማድመቂያ ነው። ለተጫዋቹ የተሰጡት ቦይንግ 737፣ ቦይንግ 747፣ ኤርባስ 321 እና ትንሹ ጄት ሲአርጄ 700 ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ተርቦፕሮፕ በገሃዱ ዓለም ያለው ድርሻ ትንሽ አይደለም። ሞተሩ እንደ ጄት ተርባይን አለው፤ የተርባይኑ ጉልበት ግን በማርሽ በኩል አልፎ ፕሮፔለር ያዞራል። በአጭር መንገድ ላይ ነዳጅ ይቆጥባል፤ አጠር ባለ ማኮብኮቢያም ይሠራል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ላሊበላ በአየር የሄደ ሰው ያውቀዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመሮቹ የሚያሰማራው ኪው 400 የዚያው የዳሽ 8 ቤተሰብ ትልቁ ልጅ ነው። በካናዳ፣ በኖርዌይ፣ በኔፓል፣ በኢንዶኔዥያም ተራራና ደሴት የሚያገናኘው ይኸው ዓይነት አውሮፕላን ነው። የቤት ሲሙሌተር ሠሪዎች ግን ለብዙ ዓመታት እንዳላዩ ሆነው አልፈውታል።

መነሻው ብሩስ አርትዊክ ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ይህ መሐንዲስ፣ ሰብሎጂክ በተባለው ኩባንያው በኩል፣ በ1980 መባቻ ላይ ለአፕል 2 ኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ አቀረበ። በ1982 ማይክሮሶፍት ፈቃዱን ወስዶ ለአይቢኤም ኮምፒውተር አወጣው፤ የሚበረውም ሴስና ነበር። ኮምፒውተሩ ሲጎለብት አውሮፕላኖቹም አደጉ። በ1988 ሊርጄት መጣ። በፍላይት ሲሙሌተር 2000 ደግሞ ቦይንግ 777 ብቻ ሳይሆን ኮንኮርድም ገባ። በታሪኩ ሃያ ብቻ የተሠራው ኮንኮርድ ቦታ ሲያገኝ፣ በየቀኑ ስንት አገር የሚያዳርሰው ተርቦፕሮፕ የመንገደኞች አውሮፕላን አላገኘም። ኪንግ ኤር የተባለው ትንሽ ተርቦፕሮፕ በዚያው ዘመን ተጨምሯል፤ እሱ ግን ባለሀብት የሚከራየው እንጂ ሕዝብ ትኬት ቆርጦ የሚሳፈርበት አይደለም። ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ ካርቶኑ ላይ ፎቶው ተለጥፎ ገዢ የሚጠራው ኮንኮርድ ስለሆነ ነው።

ክፍተቱን የሞሉት አማተሮች ናቸው። ማይክሮሶፍት በሩን ክፍት ትቶት ነበር። የእያንዳንዱ አውሮፕላን ጠባይ፣ ክብደቱ፣ የክንፉ ስፋት፣ የሞተሩ ዓይነት፣ ማንም ሰው በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ከፍቶ ሊያርመው በሚችል ፋይል ላይ ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ፋይል ላይ 0 ከተጻፈ ሞተሩ ፒስተን ነው፤ 1 ከተጻፈ ጄት፤ 5 ከተጻፈ ተርቦፕሮፕ። ከፍላይት ሲሙሌተር 2002 ፕሮፌሽናል እትም ጋር ደግሞ ጂማክስ የተባለ የስሪዲ ቅርጽ መሥሪያ አብሮ መጣ። ከሥራ መልስ ምሽታቸውን የሰጡ ሰዎች ዳሽ 8ን፣ ኤቲአርን፣ ሳብ 340ን፣ ፎከር 50ን እየሠሩ በነፃ ማደል ጀመሩ።

ቀላል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የውጭ ቅርጻቸው ብዙ ጊዜ ያምራል፤ ቀለማቸውና የአየር መንገዱ አርማ በጥንቃቄ የተሣለ ነው። ውስጣቸው ሌላ ነገር ነው። ኮክፒቱ ከሌላ አውሮፕላን የተዋሰ ሊሆን ይችላል፤ በዳሽ 8 ወንበር ላይ ተቀምጦ የቦይንግ መሣሪያ ማንበብ የተለመደ ነበር። ከሚታዩት ማብሪያ ማጥፊያዎች ውስጥ ሥዕል ብቻ የሆኑት ይበዛሉ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሣል፤ ሰውየው በአምስት ደቂቃ ውስጥ አየር ላይ ነው።

ይህ ቅለት የስንፍና ውጤት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም በመሆኑ፣ ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ሚሞሪ ቢኖረው ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊጠቀም አይችልም። ከባድ አውሮፕላን፣ ከባድ የከተማ ገጽታና ደመና ሲደራረቡበት፣ ከረጅም በረራ በኋላ ማኮብኮቢያው ከፊት እየታየ ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ይዘጋል። ይህን ያየ ሰው ቀላል አውሮፕላን ለምን እንደሚወደድ አይጠይቅም። የማይክሮሶፍትን ኮድ በፈቃድ ወስዶ "ፕሪፔርድ" በሚል ስም የቀጠለው ሎክሂድ ማርቲን ወደ 64 ቢት የተሸጋገረው በ2017 ነው። እስከዚያ ድረስ ቅለት ማለት በሰላም ማረፍ ማለት ነበር። ውድ ኮምፒውተር መግዛት ለማይችል ሰው ዛሬም ያው ነው።

የእነዚህ ሥራዎች ዕድሜ ግን በሌላ ሰው እጅ ነበር። በጃንዋሪ 2009 ማይክሮሶፍት ሲሙሌተሩን የሚሠራውን ኤሴስ ስቱዲዮን ዘጋ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ፣ ከ1996 ጀምሮ የአማተሮቹን ፋይሎች ሲያሰባስብ የኖረው አቭሲም በሰርጎ ገቦች ተመታ። ሁለት ሰርቨሮች ነበሩት፤ አንዱ የሌላው መጠባበቂያ ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ ወደሙ። ውጭ የተቀመጠ ሌላ ቅጂ አልነበረም። አቭሲም በኋላ ተመልሶ ቢቆምም፣ የአሥራ ሦስት ዓመት የበጎ ፈቃድ ሥራ በአንድ ጥቃት መሬት ላይ ሊወድቅ መቻሉን ሁሉም አየ። መንግሥታዊ ቤተ መዛግብት እንኳ በዚህ መልክ ይጠበቅ ከነበረ አሳዛኝ ነው፤ የሚያስቀው ግን ሁለቱን ቅጂዎች አንድ ኔትወርክ ላይ የማስቀመጥ ልማድ ዛሬም በስንት መሥሪያ ቤት መኖሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላኛው ጫፍ መጣ። በ2013 ማጄስቲክ ሶፍትዌር የሠራው ኪው 400 የበረራውን ስሌት ከሲሙሌተሩ ውጭ በራሱ ፕሮግራም ያካሂድ ነበር፤ የሲሙሌተሩ የራሱ ስሌት ለዚህ አውሮፕላን እንደማይበቃ ስለታመነበት ነው። ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት ኮክፒቱ መሐል ያሉትን እጀታዎች ማየት ያስፈልጋል።

በጄት ላይ ለአንድ ሞተር አንድ የጉልበት እጀታ አለ፤ ወደፊት ሲገፋ ጉልበት ይጨምራል። በኪው 400 እና በኤቲአር ላይ ግን ለእያንዳንዱ ሞተር ሁለተኛ እጀታ አለ፤ ኮንዲሽን ሌቨር ይባላል። ፕሮፔለሩ በምን ፍጥነት እንደሚዞር የሚወስነው፣ ነዳጅም የሚዘጋው እሱ ነው። በኪው 400 ሲነሡ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1020 ጊዜ ይዞራል፤ ሽቅብ ሲወጡ 900፤ መንገድ ላይ 850። እጀታው የበለጠ ወደ ኋላ ከተሳበ ምላጮቹ ጠርዛቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይቆማሉ፤ አየሩን አይገፉም። ይህ ፌዘር ይባላል። ሞተር ሲበላሽ ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ እንዳይጎትት የሚያድን ሥራ ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ ከተደረገ ግን ጉልበቱን ሁሉ ያጠፋል።

ቀላሎቹ አውሮፕላኖች መጀመሪያ የሚተዉት ይህን እጀታ ነው። ወይ ሥዕል ይሆናል፣ ወይ ነዳጅ ከመክፈትና ከመዝጋት ያለፈ ሥራ አይኖረውም። ተጫዋቹ ዳሽ 8 አበረርኩ ሲል፣ በእጁ የያዘው ፕሮፔለር የተሣለበት ጄት ነው።

በጨዋታ ደረጃ ይህ ማንንም አይጎዳም። እጀታው በገሃዱ ዓለም ምን እንደሚያደርግ ግን ታይፔ አይታለች። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2015 የትራንስኤሽያ ኤቲአር 72-600 እንደተነሣ የቀኝ ሞተሩ ፕሮፔለር ሳይታዘዝ ፌዘር ገባ። ካፒቴኑ ጤነኛውን የግራ ሞተር ዘጋ። ከ58ቱ ተሳፋሪዎች 43ቱ ሞቱ። የምርመራው ሪፖርት እንዳሳየው ካፒቴኑ በ2014 ባደረገው የሲሙሌተር ፈተና አንድ ሞተር ሲጠፋ የሚወሰደውን እርምጃ በተመለከተ ወድቆ፣ በድጋሚ ፈተና ነበር ያለፈው። እሱ የተፈተነበት ሲሙሌተር የቤት አልነበረም፤ አየር መንገዶች በሚሊዮን ዶላር የሚገዙት ዓይነት ነው። እጀታው ነበረበት፤ ይንቀሳቀስም ነበር።

እንዲያውም ትልልቆቹ ሲሙሌተሮችም የሚተዉት ነገር አለ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ አንድ ኪው 400 ፍጥነቱን አጥቶ ወደቀ፤ ምድር ላይ የነበረ አንድ ሰው ጨምሮ 50 ሰዎች አለቁ። ካፒቴኑ የማስጠንቀቂያው ንዝረት ሲመጣ አፍንጫውን ዝቅ በማድረግ ፈንታ ወደ ላይ ሳበው። የአሜሪካ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2013 አብራሪዎች ሙሉ በሙሉ ክንፉ ማንሣት እስከሚያቆምበት ድረስ በሲሙሌተር እንዲለማመዱ ደንብ ሲያወጣ፣ ሲሙሌተሮቹ ራሳቸው ያንን ሁኔታ በትክክል እንደማያሳዩ ግልጽ ነበር። የማሽኖቹ መመዘኛ በ2016 ተሻሽሎ፣ ልምምዱ ግዴታ የሆነው በ2019 ነው። የሚሊዮን ዶላሩም ማሽን ከዳር ወዲያ ቀላል አውሮፕላን ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው። ልዩነቱ ተቆጣጣሪው የጎደለውን ለይቶ በወረቀት ማስፈሩና ሠሪው እንዲሞላው ማስገደዱ ነው። የቤት አውሮፕላን ሻጭን እንዲህ የሚያስገድድ አካል የለም፤ "እውነተኛ" የሚለውን ቃል ማንም ማስታወቂያው ላይ ይጽፋል። እዚህ ላይ ነው ወቀሳው መውደቅ ያለበት። ቀላል ሠርቶ "ይህን ይህን ትቻለሁ" ብሎ የሚጽፍ አማተር፣ ከባድ ነኝ እያለ ዝም ከሚል ነጋዴ ይሻላል።

በተቃራኒው የሚሰማው ስጋት ሲሙሌተሩ ከሚገባው በላይ ያስተምራል የሚል ነው። ኦገስት 10 ቀን 2018 ሲያትል አጠገብ አንድ የምድር ሠራተኛ ባዶ ኪው 400 አስነሥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ በረረ፤ በመጨረሻም ኬትሮን ደሴት ላይ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። በሬዲዮ ሲነጋገር ቪዲዮ ጌም እንደተጫወተ በመናገሩ ዜናው ሁሉ ጌሙ ላይ ተረባረበ። ኤፍቢአይ ግን ምርመራውን ሲዘጋ መደበኛ የበረራ ሥልጠና አለማግኘቱን፣ የበረራ ማስተማሪያ ቪዲዮዎችን ፈልጎ ማየቱን ነው የገለጸው። አውሮፕላኑ አጠገብ የሚያደርሰው መታወቂያ ከሥራው ያገኘው እንጂ ከጌም የመጣ አይደለም። ሰውየው ምን ላይ እንደነበር መጠየቅ ከጌሙ ይልቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ ብዙም አልተጠየቀም።

ማይክሮሶፍት በኦገስት 2020 አዲሱን ፍላይት ሲሙሌተር ሲያወጣ የዓለምን ካርታ ከሳተላይት አምጥቶ ዘረጋው። ቦሌ አለ፤ ባሕር ወለል ላይ ያልሆነ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ የማንኛውም ሞተር ጉልበት የሚቀንስበት ቦሌ። የጣና ሐይቅም አለ። አዲስ አበባ ባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አካዳሚ አብራሪዎች በኪው 400 ሲሙሌተር ይሠለጥናሉ፤ ከግቢው ውጭ ላፕቶፕ ይዞ ያንኑ መስመር መብረር የሚፈልግ ወጣት ግን በአዲሱ ሲሙሌተር ውስጥ ከጄቶቹ ጎን አንድም ተርቦፕሮፕ የመንገደኞች አውሮፕላን አላገኘም። ልክ እንደ 2006ቱ።

ማይክሮሶፍት ኤቲአር 42-600 እና 72-600ን መሸጥ የጀመረው በኤፕሪል 2023 ነው። በእሱ ላይ ሁለተኛው እጀታ ይሠራል፤ ፌዘር ላይ ሲቀመጥ ምላጮቹ ይዞራሉ። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2023፣ ኔፓል ፖክራ ላይ የየቲ አየር መንገድ ኤቲአር 72-500 ሊያርፍ ሲል ወድቆ በውስጡ የነበሩት 72 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። መርማሪዎቹ በዚያው ዓመት ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ ፍላፕ ይውረድ ሲባል ከአብራሪዎቹ አንዱ ሳያውቅ የፍላፑን እጀታ ትቶ ሁለቱን ኮንዲሽን ሌቨሮች ወደ ፌዘር ስቧቸዋል። ሁለቱም ሞተሮች እየሠሩ ነበር።