ዜሮ የሌለው ቁጥር

ዛሬ ስለ ኮድ ፍለጋ ላጫውታችሁ፤ ታሪክም አለበት።

በ2016 ዓ.ም. ከልጆቹ ጋር ሰርተፊኬት የሚያትም ትንሽ ፕሮግራም ስንሠራ «ዓመቱ በግዕዝ ይሁን» ተባባልን። ልጆቹ እያንዳንዱን አሃዝ ለየብቻ ቀየሩት። ፪ ወጣ፣ ቀጥሎ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ፩፮። ድቁና የተማረ ባልደረባችን አይቶ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ቁጥር ነው?» ብሎ ሳቀብን። እውነቱን ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውም፣ ያሉት 20 ምልክቶች ናቸው። 2016 የሚጻፈው ፳፻፲፮ ተብሎ ነው፤ ሃያ መቶ አሥራ ስድስት።

ምሳሌ እንዳንፈልግ የሞባይል ኢንተርኔት ያኔ ተቋርጦ ነበር። ፍላሼን ይዤ ከሐርቡ ደሴ ወጣሁ፣ ዋይፋይ ያለው ወዳጄ ዘንድ።

ያገኘሁት የዳንኤል ያዕቆብን ሥራ ነው። ይህ ሰው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከይትና ፍርድይወቅ ጋር ፊደላችንን በላቲን ሆሄ የሚወክለውን «ሴራ» የተባለ ሥርዓት ያዘጋጀ ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ፣ ተንኮል የለበትም። ያኔ በአንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርምስምስ ይል ነበር፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዳንኤል ቁጥር ወደ ግዕዝ የሚቀይር የፐርል ኮድም ለሁሉም ክፍት አድርጎ አስቀምጧል።

ፐርል የሚያውቅ ሐርቡ ላይ ማን አለ? ያዳነን ስሌቱ ነው። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምረህ ሁለት ሁለት አሃዝ ትቆርጣለህ፦ 20 እና 16። ከቀኝ ሁለተኛው ጥንድ ፻ ይከተለዋል፣ ሦስተኛው ፼፣ አራተኛው እንደገና ፻፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይሄዳል። 100 ደግሞ ፻ ብቻ ነው፣ ፩፻ አይባልም። የዌብ ደረጃ የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲም ይህንኑ ስሌት በሰነዱ ደረጃ በደረጃ ጽፎታል። እንግዲህ የአባቶች አቆጣጠር በዓለም ሰነድ ላይ ሰፍሮ ሳለ እኛ ባዶ ቦታ እያተምን ነበር።

እኔ ኮዱን ብቻ ገልብጬ ብመጣ ኖሮ ልጆቹ አይማሩበትም ነበር። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፣ እነሱ በፓይተን ሠሩት፣ ያ ባልደረባችንም በ10,000 ፈተናቸው። ፼ ብሎ ወጣለት።

ፍላሹ አሁንም እኔ ጋ ነው፤ በሐርቡ የምታልፉ ጎራ ብላችሁ ገልብጡ።