ከእንዳ ኢየሱስ እስከ ቶኪዮ፦ ከጨዋነት ጀርባ

ጥር 1888 ዓ.ም.፣ መቀሌ። በእንዳ ኢየሱስ የመሸገው የሻለቃ ጋሊያኖ ጦር፣ በእቴጌ ጣይቱ ዘዴ የውኃ ምንጩ ስለተያዘበት በጥም ተቃጠለ። አፄ ምኒልክ ግን አልፈጁትም። መሣሪያውን እንደያዘ በክብር እንዲወጣ ፈቀዱለት፤ ራስ መኮንንም ሸኙት። ላይ ላዩን ሲታይ የንጉሥ ቸርነት ነው። ውስጡ ግን ስሌት ነበረው፤ በሽኝቱ ከለላ የኢትዮጵያ ሠራዊት ያለ ውጊያ ወደ አድዋ ዞረ።

ከአድዋ ድል ዘጠኝ ዓመት በኋላ ጃፓን ሩሲያን አሸነፈች። የአገራችን ምሁራን ዓይናቸውን ወደ ምሥራቅ ጣሉ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ተመልክቶ የተጻፈ ነበር።

በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልዑካን መርተው ጃፓን ገቡ። ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ተቀበሏቸው። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ።

ዛሬም ቢሆን ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ጃፓን ሲረግጥ ብዙ ነገር አይከብደውም። ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ከቤቱ የለመደው ነው። ጫማን ከደጅ ማውለቅ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ያስተማሩት ነው። ስጦታ በሁለት እጅ ይሰጣል፣ በሁለት እጅ ይቀበላል። የሚቸግረው ሌላው ነው፦ ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠት አልተለመደም፤ ባቡር ውስጥ በስልክ ማውራት ነውር ነው፤ መመገቢያ እንጨቱን ሩዝ ላይ መሰካት የቀብር ሥርዓት ነው።

ይህ መመሳሰል ግን ያዘናጋል። ጣሊያን ስትወረን ብዙ ጃፓናውያን ለኢትዮጵያ ተቆረቆሩ። መንግሥታቸው ግን በ1929 ዓ.ም. የጣሊያንን ወረራ እውቅና ሰጠ፤ ሮምም በምላሹ ጃፓን በማንቹሪያ ላቆመችው መንግሥት እውቅና ሰጠች። ያን ሁሉ ተስፋ የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ መስከረም 1931 ዓ.ም. በስደት፣ እንግሊዝ አገር አረፉ።

ጃፓኖች ለአደባባይ የሚታየውን «ታተማዔ»፣ በልብ ያለውን «ሆንኔ» ይሉታል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰምና ወርቅ ነው። የሰው አገር ጨዋነት ውሸት ነው ማለት አይደለም። እጅ ሲነሱህ እጅ ንሳ፤ ጫማህንም አውልቅ። ግን የአክብሮት ሰላምታን እንደ ቃል ኪዳን አትቁጠረው። እንዳ ኢየሱስ ላይ ይህን ያወቅንበት እኛው ነበርን፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ግን የሌላውን ሰም ወርቅ ብለን ያዝን።

ዛሬስ፣ በየኤምባሲው ግብዣና በየስምምነቱ ፊርማ ላይ ፈገግታ ሲበዛ፣ ወርቁን የሚፈትሽልን ማን ነው?