ከድርጎ እስከ አልቤርጎ፤ የመንገደኛ አልጋ ታሪክ ከቡራዩ በር ሲታይ

በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ አልጋ ማለት ዙፋን ነው። አልጋ ወራሽ ይባላል፤ አልጋው ጸና፣ አልጋው ተነቃነቀ ይባላል። ከነቀምቴ ወይም ከአምቦ ተነሥቶ ቡራዩ ላይ የመሸበት መንገደኛ ግን «አልጋ አለ?» ሲል የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። በሩ የሚቀረቀር ክፍል፣ የታጠበ አንሶላ፣ ኪስ የማያራቁት ሒሳብ፤ በቃ። ኦሮምኛ ተናጋሪውም «ሲሬ» ብሎ ይጠይቃል፤ ሲሬም ያው አልጋ ነው። ስለ ነገሥታቱ አልጋ ብዙ ተጽፎልናል፤ ስለ መንገደኛው አልጋ የተጻፈው ግን እፍኝ አይሞላም። ስለዚህ እስቲ ስለዚህኛው እኛ ጥቂት እንበል። ነገሩ ተራ ይመስላል። ደጅ ላይ ለመሸበት ሰው ግን ተራ አይደለም፤ ይልቁንም ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ተራ ሆኖ አያውቅም።

ጥንት አልጋ አይሸጥም ነበር። መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» የሚል ድምፅ ይመልስለታል። እግሩ ይታጠባል፣ ከተገኘው ይቀርብለታል፣ መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል። ጠዋት ተነሥቶ «ሒሳብ ስንት ነው?» ቢል ስድብ ነው። ይህን ስንል ግን ደጉ ዘመን እያልን ልናለቃቅስ አይደለም። ያ መስተንግዶ የሚሠራው የእንግዳው ማንነት ሲታወቅ ነው። አገርህ የት ነው፣ የማን ልጅ ነህ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ይባላል። ሲራራ ነጋዴው ከነአጋሰሱ መንደር ገብቶ ማደር ስለማይሆንለት ሜዳ ላይ ሰፍሮ፣ እሳት አንድዶ፣ ዘብ አቁሞ ያነጋል። የቆሎ ተማሪው (የዛሬ ተማሪዎች አያት ማለት ነው) በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጎጆውን ቀልሶ፣ ቀን ለምኖ፣ ሌሊት ደበሎውን ተከናንቦ ይተኛል። ሴት ልጅ ደግሞ ያለ ዘመድ መንገድ መውጣቷ ራሱ ያስጠይቃታል።

ለመንግሥት ሰው ነገሩ ሌላ ነበር። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ «ቤተ ንጉሥ» የሚባሉ ቤቶችን በየአገሩ አይቶ ጽፏል። በራቸው ክፍት ነው፤ ሆኖም በንጉሡ ስም ከተሾመው ገዥ በቀር የሚያድርባቸው የለም፤ ገዥው በሌለበት ደፍሮ የሚገባም አይገኝም። አስቡት እንግዲህ! ቤቱ ባዶ፣ በሩ ክፍት፣ መንገደኛው ሜዳ ላይ። ድርጎም ከዚሁ አይርቅም። ንጉሡ ያዘዘለት እንግዳ በደረሰበት ሁሉ እንጀራው፣ ሙክቱ፣ ጠጁ ይቀርብለታል፤ የሚያቀርበው ግን ንጉሡ ሳይሆን የዚያው መንደር ገባር ነው። ተሰሪ ወታደር ሲመጣማ ባለቤቱ ከገዛ መደቡ ይነሣል። የእንግዳ ተቀባይነታችንን ታሪክ ስንጽፍ ወዶ የተቀበለውንና ተገዶ የተቀበለውን መለየት ይገባናል እንላለን። የውጭ አገር ተጓዦች በመጽሐፋቸው ካመሰገኑት መስተንግዶ ውስጥ ይህ ሁለተኛው ጥቂት አይደለም።

የሆቴል ታሪካችን ሁልጊዜ የሚጀመረው ከእቴጌ ጣይቱ ነው፤ እኛም ከዚያ አናመልጥም። በ1898 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ሆቴላቸው በመጀመሪያ ገበያ አጥቶ እንደነበር ይተረካል። ምግብን በገንዘብ መግዛት ነውር ነበርና መኳንንቱ አልገባ አሉ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ባለሟሎቻቸውን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ሒሳቡንም ከፍለው አሳዩ ይባላል። ያም ሆነ ይህ ሆቴሉ ለዲፕሎማትና ለነጋዴ ፈረንጅ እንጂ ቅቤ ጭኖ ከወለጋ ለመጣ ሰው አልነበረም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የንግሥ በዓሉ ሲደረግ የሆቴል ነገር ደመቀ፤ ደንበኛው ግን ያው ነበር። (ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ክፉኛ ቢጎዳውም ዛሬም ፒያሳ ላይ ቆሟል።)

ተራው መንገደኛ ዘንድ የደረሰው ቃል አልቤርጎ ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት መንገድ ሲዘረጋ በየከተማው ሆቴል ሠራ፤ ቺያዎ የሚባለው ኩባንያ በጎንደርና በጅማ ያቆማቸው ይታወቃሉ። ሐበሻ ግን በጣሊያኑ ቤት አይስተናገድም፤ ዘር ለይቶ የሚያኖር ደንብ ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ቃሉ እዚሁ ቀረ። የሚገርመው መቅረቱ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች መውረዱ ነው። ለጣሊያን ሹም የተሠራው ቤት ስም በእኛ አፍ ከመናኸሪያ ጀርባ ያለች፣ በጭቃ የተመረገች፣ አንድ አልጋና አንድ ባልዲ ያላት ክፍል ስም ሆነ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንምጣ። ይህች ክፍል ብቻዋን አልቆመችም፤ ከፊቷ ቡና ቤት አለ። ከነጻነት በኋላ የጭነት መኪና በየአውራ ጎዳናው ሲበዛ ሹፌር የሚያድርበት ከተማ ሁሉ ቡና ቤት አፈላ። ስሙ ቡና ቤት ይሁን እንጂ የሚሸጠው ቢራና አረቄ ነው። ከኋላ ግቢውን ዙሪያ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ በመጠጥ ቤቱና በክፍሎቹ መካከል የምትመላለሰው ሴት ናት። ብዙ ጊዜ ባለቤቷም ሴት ናት። ከትዳር የወጣች፣ ርስት ያልደረሳት፣ ከባላገር ወደ ከተማ የፈለሰች ሴት በእጇ የቀራት ሙያ ጠጅ መጣል፣ ጠላ መጥመቅ፣ ወጥ መሥራት ነበር፤ በዚያው ሙያዋ ቤት ከፈተች። ርካሹን የአገራችንን አልጋ ያቋቋሙት ከእቴጌይቱ ይልቅ እነዚህ ሴቶች ናቸው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። የእቴጌይቱ ስም በሰሌዳ ላይ አለ፤ የእነርሱን ማን ያውቀዋል? ከእነርሱ በታች ያሉት አሳላፊዎች ደግሞ የባሰ ነበር ዕጣቸው። የብዙዎቹ ገቢ ከሰካራም ኪስ ነው፤ የሚተኙበት ክፍልም የሚሠሩበት ነው። ኤች አይ ቪ በአገራችን መኖሩ ከ1976 ዓ.ም. ወዲህ ሲታወቅ ቀድሞ ክፉኛ የጎዳው ይህንኑ የሹፌርና የቡና ቤት መስመር ነው።

ታዲያ አልጋው ከመጠጡና ከሴቲቱ ጋር ተያይዞ ስለተሸጠ፣ ለመተኛት ብቻ የመጣ ሰው እንደ ደንበኛ አይቆጠርም፤ ቦታ አጣባቢ ነው። ወንዱስ ጆሮውን ደፍኖ፣ የሙዚቃውን ጩኸት ረግሞ ያነጋል። ብቻዋን የመጣች ሴት ግን ወይ «አልጋ የለም» ተብላ ትመለሳለች፣ ወይ በሯ ሲንኳኳ ያድራል። ገና ስትገባ እንኳ እንግዳ ናት ወይስ ሥራ ፈላጊ የሚል ዓይን ይቀበላታል። ስለዚህ እናቶቻችን ከተማ ሲመጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ዘመድ ቤት፣ የዘመድ ዘመድ ቤት፣ ካልሆነም የአገር ልጅ ቤት ይገቡ ነበር። ይህን የዘመድ ፍቅር ብቻ አድርገን እናየዋለን፤ ጨዋ አልጋ ማጣትም እንደነበረ እንረሳለን።

ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ወረሰ። በእነዚያው ዓመታት ትልልቆቹ ሆቴሎች የመንግሥት ሆነው በራስ፣ በግዮን፣ በዋቢ ሸበሌ ስም ተደራጁ። አዋጁ ለመኖሪያ አንድ ቤት፣ በፈቃድም ለሥራ የሚሆን ቤት መያዝን ስለማይከለክል ከትንንሾቹ ቡና ቤቶች ብዙዎቹ ከነባለቤታቸው ቀሩ። የአልጋውን ነገር የለወጠው ሰዓት እላፊ ነው። ሰዓቱ ከደረሰ የትም ሁን የት ባለህበት ታድራለህ፤ ዋጋ መከራከር የለ፣ ቤት ማማረጥ የለ። ለመጓዝ ይለፍ፣ ለማደር መታወቂያ ይጠየቃል፤ ስምህ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መዝገቡን የሚያገላብጠውም ባለቤቷ ብቻ አይደለችም። ጥንት አጥር ላይ የነበረው «የማን ልጅ ነህ?» ወረቀት ሆኖ ተመለሰ።

ቡራዩን ለምሳሌ የያዝናት በር ስለሆነች ነው። ከአስኮ አለፍ ብላ፣ ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከገፈርሳ ግድብ ወዲህ ትገኛለች። አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ወደዚያ ያሠሩት መንገድም ይህንኑ የምዕራብ አቅጣጫ የያዘ ነው። ሰርኪስ ተርዚያን የሚባለው አርመናዊ ያስመጣው፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት መኪና የታየውም በዚያ ዘመን ነው። ቡራዩ ከተማ ሆና የሰፋችው ግን በቅርቡ ነው። በ1987ቱ ቆጠራ ሕዝቧ 10 ሺህ ግድም ነበር፤ በ1999ኙ 49 ሺህ ግድም ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር ሸገር ከተማ በሚለው ስም ተጠቃለለች። የመንገደኛው ሒሳብ ቀላል ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውቶቡስ መናኸሪያ አስኮ ነው፤ አገር አቋራጩ የሚነሣው ገና ሳይነጋ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ መድረስ ያለበት ሰው ቡራዩ ቢያድር መሐል ከተማ ከማደር ይቀለዋል። ማምሻውን ከወለጋ የገባውም በጨለማ መርካቶ ድረስ ሻንጣ ከሚጎትት እዚያው ይወርዳል።

አንድ ሌሊት ግን መዘለል የለበትም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ በተፈጸመው ጥቃት ሰው ሞቷል፤ በሺህ የሚቆጠር ነዋሪም ከገዛ ቤቱ ተፈናቅሎ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ወለል ላይ አድሯል። እንግዳ አሳዳሪዋ ከተማ የራሷን ሰው ማሳደር ያቃታት ያን ጊዜ ነው።

ወደ አልጋችን እንመለስና፣ የትኛውን ቤት እንምረጥ? ለሆቴሎች ኮከብ ይታደላል፤ ኮከቡ ግን የእኛ ኪስ ወደሚደርስበት ሰፈር አይወርድም። እኛ በመጀመሪያ የምንሰማው ጥያቄያቸውን ነው። «አዳር ነው ሾርት?» ካሉን ቤቱ ክፍሉን በሰዓት ይሸጣል ማለት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በር ሲከፈትና ሲዘጋ መስማት ካልፈለግን አመስግነን እንወጣለን። ቀጥሎ መጠጥ ቤቱ የት እንዳለ እናያለን። ባለፉት ዓመታት የበዙት ፔንሲዮኖች አልጋውን ከመጠጡ ስለለዩልን በበኩላችን ትልቅ ነገር ነው እንላለን፤ እርግጥ ፔንሲዮን ተብሎ ሾርቱን የሚያጧጡፈውም አለ፤ ሰሌዳ አይታመንም። ከመክፈላችን በፊት ክፍሉ ይከፈትልን። መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሠራል? የፍራሹ ጫፍ ገለጥ ሲል ስፌቱ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው፤ ዋጋ ቢቀንሱም እንዳንሸወድ። ቧንቧውም ይከፈት፤ ገፈርሳ አጠገብ ሆኖ በባልዲ መታጠብም ያጋጥማል። ብርድ ልብሱ ስንት ነው? አገሩ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነውና በኅዳርና በታኅሣሥ አንዱ አይበቃም። ደላላ እየመራ ያስገባን ቤት የደላላውን ድርሻ ከእኛው ሒሳብ ላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ብቻችንን ተመልሰን ዋጋ ብንጠይቅ አይከፋም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጠዋን ሴት መጠየቅ ነው። «ጥሩ ሆቴል የትኛው ነው?» አይባልም፤ ትልቁንና መብራት የበዛበትን ትጠቁማለች። «እኅትሽ ከአገር ብትመጣ የት ታሳድሪያት ነበር?» ነው የሚባለው። ትንሽ ታስባለች። ከዚያ የአስፋልቱን ትታ በውስጥ መንገድ ያለውን ቤት ታሳያለች፤ «እኔ ነኝ የላክኋችሁ በሉ» ብላ ትጨምራለች። ቡናዋን ከፍለን እንሄዳለን። ሒሳቡን ማምሻውን ጨርሰን፣ ደረሰኙን ይዘን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እንዲቀሰቅሰን ለዘበኛው እንነግራለን፤ አውቶቡሱ አይጠብቅምና።