የራስ ዳርጌ ቤትና የአርሲ ምድር

ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በጦር ሜዳ ያገለገሉ ቤተሰቦች በአገራችን ጥቂቶች አይደሉም። ለዚህ የትምህርት ቤታችን መታሰቢያ መጽሔት የራስ ዳርጌን ቤት የመረጥንበት ምክንያት ታሪኩ ከኛው ምድር፣ በአሰላ ደጋና በዝዋይ ሐይቅ መካከል ካለችው ኦጎልቾና ከአካባቢዋ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ነው።

ራስ ዳርጌ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የአፄ ምኒልክ አጎት ነበሩ። ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርሲ ኦሮሞ ጋር የተደረገውን ጦርነት በመጨረሻ የመሩት እርሳቸው ናቸው። የአርሲ ፈረሰኛ ጦርና ጋሻ ብቻ ይዞ፣ ጠመንጃ የታጠቀውን ሠራዊት ዐምስት ዓመት ያህል መቋቋሙ እጅግ አስደንቆናል። በ1878 ዓ.ም. ማለቂያ አዙሌ ላይ ድሉ የሸዋ ሆነ። በአኖሌም የብዙ ሰው እጅና ጡት እንደ ተቆረጠ የአገሩ ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ በ2006 ዓ.ም. በስፍራው ሐውልት ቆሟል። እንግዲህ አንዱ «ጀግና» የሚላቸውን ሰው ጎረቤቱ በሌላ ስም ቢያስታውሳቸው አይፈረድበትም። የዚህን ቤት አገልግሎት ስናከብር ይህን ገጽ ዘለን ልናልፍ አንችልም።

ራስ ዳርጌ በ1892 ዓ.ም. ዐረፉ። የልጃቸው የወይዘሮ ትሰሜ ልጅ ራስ ካሣ ኃይሉ በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ተሰለፉ። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ ደግሞ በተምቤን ግንባር ከራስ ሥዩም ጋር ዘመቱ። በጥር ወር ሠራዊታቸው አንድ የጥቁር ሸሚዝ ክፍለ ጦር ከቦ ሳለ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ወረደበት። በጋሻ የማይመከት ነገር ነበረ። ከማይጨው በኋላ ራስ ካሣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ።

ሦስቱ ልጆቻቸው ግን አገር ውስጥ ቀርተው ተዋጉ። ደጃዝማች አበራ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ጠላት የያዛትን አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከሌሎች አርበኞች ጋር ጥቃት አደረጉ፤ አቡነ ጴጥሮስ የተረሸኑትም በዚያው ሰሞን ነው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደጃዝማች ወንድወሰን በላስታ ተይዘው ተገደሉ። በዚያው ወር አበራና ታናሽ ወንድማቸው አስፋወሰን «ሕይወታችሁ አይነካም» የሚል ቃል ተሰጥቷቸው እጃቸውን ሰጡ፤ በ12 ቀን በአባታቸው ግዛት በሰላሌ፣ ፍቼ ላይ ተረሸኑ። አንድ መንግሥት የሰጠውን ቃል በዚያው ቀን ሲበላ ምን እንደሚባል እኛ ቃል አላገኘንለትም።

ራስ ካሣ በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል ተመለሱ። ከአራቱ ወንዶች ልጆቻቸው የቀሩት አሥራተ ብቻ ነበሩ። እኒህም በኋላ የኤርትራ እንደራሴ ሆኑ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ በጥይት ያስገደላቸው ግን የባዕድ ጦር ሳይሆን ደርግ ነው። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. አብረዋቸው ከተገደሉት ጋር ከጅምላው መቃብር ወጥቶ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።